የመክሰር አቤቱታዬን አዘጋጅቼ ሳላስገባ የቀረሁበት ምክንያት

ዕዳዬ ከአቅሜ በላይ መሆኑን የተረዳሁት ገቢዬን ከወጪዬ ጋር አስተያይቼ ሳይሆን፣ ከአበዳሪዎች የሚመጡትን ፖስታዎች ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ መክተት ከጀመርኩ ከወራት በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መሳቢያው አልዘጋ ሲለኝ ሁሉንም አውጥቼ ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው፤ 31 ነበሩ። ሁለቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲሆኑ፣ የአንደኛው ቀጠሮ ሊደርስ 9 ቀን ብቻ ቀርቶታል። ከዕዳ የሚያወጣኝ የመክሰር ውሳኔ ብቻ ነው ያልኩት ያን ዕለት ነው፤ አስቤ ሳይሆን ደንግጬ።

ጠበቃ ዘንድ የሄድኩት አንድ ድምር ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። ጠበቃዋ ወረቀቱን አየት አድርገው ወደ ጎን አኖሩትና፣ «ይህ ምን ያህል እንዳለብዎ ይነግረኛል፤ ለማን፣ በምን መያዣ፣ በማን ዋስትና የሚለውን ግን አይነግረኝም» አሉኝ። ሕጉ ከአገር አገር እንደሚለያይም አስረዱኝ፦ በአሜሪካ ምዕራፍ 7 በሚባለው መንገድ ከመሸጥ ያልተጠበቀ ንብረት ተሸጦ አብዛኛው ቀሪ ዕዳ በወራት ውስጥ ሲሰረዝ፣ በምዕራፍ 13 ደግሞ ባለዕዳው ከ3 እስከ 5 ዓመት በዕቅድ ይከፍላል፤ በእንግሊዝና በዌልስ ከዕዳ ነጻ ለመውጣት የሚፈጀው አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ነው፤ በጀርመን 3 ዓመት ነው። በአብዛኞቹ ዘንድ የማይለወጠው ግን የዕዳው ዓይነት ከዕዳው መጠን ይልቅ ወሳኝ መሆኑ ነው።

ቤቴ ተመልሼ ዕዳዬን በአራት ከፈልኩት። ከመቶ 20 እጁ መኪናዬ በመያዣነት የቆመበት ብድር ነበር፤ የመክሰር ውሳኔ በግሌ ከመክፈል ቢያወጣኝም አበዳሪው መኪናውን ከመውሰድ አያግደውም። 15 እጁ ያለፈው ዓመት ግብርና የልጄ ቀለብ ውዝፍ ነው፤ ቀለብ በብዙ አገሮች ሕግ በመክሰር አይሰረዝም፣ የቅርብ ጊዜ ግብርም እንዲሁ በቀላሉ አይለቅም። 27 እጁ መያዣም ዋስም የሌለው የክሬዲት ካርድ ዕዳ ሲሆን፣ የመክሰር ሕግ በተለይ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ነው። የቀረው 38 እጅ ግን ታላቅ ወንድሜ ዋስ ሆኖ የፈረመበት ብድር ነበር።

እኔ ስከስር ዕዳው ከእኔ ይወርድና ወንድሜ ላይ ይቀራል። ይህን በሙሉ ልብ የተረዳሁት ጠበቃዋ ሁለት ጊዜ ከደገሙልኝ በኋላ ነው፤ ዋስ የሚያስፈልገው ተበዳሪው ሲያቅተው ነውና ነገሩ ግልጽ ሊሆንልኝ በተገባ ነበር። መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ፣ «እንግዲያው አቤቱታውን ከማስገባቴ በፊት ያለችኝን አሟጥጬ የእሱን ብድር ልዝጋ» አልኳቸው። ጠበቃዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከመክሰር በፊት አንዱን ባለገንዘብ፣ በተለይም ዘመድን ለመጥቀም የተከፈለ ገንዘብ ተመልሶ ሊጠየቅ እንደሚችል፣ በአንዳንድ አገሮች የዘመድ ሲሆን ምርመራው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚሄድ ነገሩኝ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጡረታ ቁጠባዬን ግማሽ አውጥቼ ለክሬዲት ካርድ ከፍዬ ነበር። የጡረታ ገንዘብ በብዙ አገሮች ከባለገንዘቦች የተጠበቀ ነው፤ የካርዱ ዕዳ ደግሞ ሊሰረዝ የሚችል ነበር። ማንም ሊነካብኝ የማይችለውን ገንዘብ በገዛ እጄ አውጥቼ፣ ላልከፍለው እችል ለነበረ ዕዳ አዋልኩት ማለት ነው። ምክር መጠየቅ የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው።

ለወንድሜ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁሉንም ከሰማ በኋላ አልተቆጣኝም፣ አላጽናናኝምም፤ «ስንት ወር ሳትከፍል ቀረህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አራት» አልኩት። ደብዳቤው ለእሱም ደርሶት ኖሯል፤ እስክነግረው ሲጠብቀኝ ነበር።

አቤቱታውን ላለማስገባት የወሰንኩት በዚህ ስሌት ነው፤ መክፈል የክብር ጉዳይ ነው ብዬ አይደለም። ዋስ ባይኖረኝና የካርዱ ዕዳ ከግማሽ በላይ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት አስገባው ነበር። የተዘጋጀው አቤቱታ ግን ከንቱ አልቀረም። ጠበቃዋ ንብረቴንና ገቢዬን በዝርዝር የያዘውን ረቂቅ ለካርድ አበዳሪዎቹ ሲያሳዩ፣ ብከስር እጃቸው የሚገባው ኢምንት መሆኑን ስላዩ ከሦስቱ ሁለቱ ወለዱን አቁመው በ48 ወር እንድከፍል ተስማሙ። መጥሪያ ከላኩት አንዱ የነበረው ሦስተኛው እምቢ ብሎ በፍርድ ቤት አስፈረደብኝ፤ ከደመወዜም በየወሩ ይቆረጥብኛል።

ረቂቁ አሁን ፖስታዎቹ በነበሩበት መሳቢያ ውስጥ ነው። የወንድሜ ዋስትና የሚያበቃው በሚቀጥለው ዓመት ስለሆነ በየሦስት ወሩ አውጥቼ ቁጥሮቹን አስተካክላለሁ፤ ያን ጊዜ ጥያቄው እንደ አዲስ ይታያል።