ሲጢጥ የሚለው ጋሪ

የምሠራው በሱስ ኒውሮሳይንስ፣ ማለት ሱስ አንጎል ላይ የሚያደርገውን በሚያጠናው ሙያ፣ ነው ስል ሰው ቶሎ የሚመጣለት የአንጎል ፎቶ ነው። ቀይና ቢጫ የበራበት ምስል፣ ነጭ ጋዋን፣ ከዚያ ዶፓሚን የምትባል ቃል፣ የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ስም። የፒኤችዲ ጊዜዬ ትልቁ ክፍል ግን ያለፈው አይጦችን ከማደሪያቸው ወደ መሞከሪያው ክፍል በጋሪ ስገፋ ነው። ይህ ገጠመኝም የጋሪ ጉዳይ ነው።

ሥራውን ላስረዳ። አይጡ አንገቱ አካባቢ ባለ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። ቱቦው ከፓምፕ ጋር ይገናኛል። አይጡ የሚገባበት ሳጥን ውስጥ ትንሽ ዘንግ አለች። አይጡ ሲጫናት ፓምፑ ጥቂት ኮኬይን ይለቅለታል፣ መብራትም ይበራል። ዘዴው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። ሲለምዱት ኮኬይኑን እናቆምባቸዋለን። ዘንጓን ቢጫኑ ምንም የለም። መጀመሪያ በንዴት ይደበድቧታል፤ እያደር ግን ይተዋሉ። እኛን የሚያጓጓን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተወው እንስሳ ምን ሲያገኘው ይመለሳል? ሱስን ለጊዜው ማቆም ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ደጋግሞም ያደርገዋል። የሚያስቸግረው ማገርሸቱ ነው። የእኛ መስክ አብዛኛው ጭንቅም እሱ ላይ ነው።

አይጦቻችን እዚህ ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር። ዘንጓን ረስተዋት ሳጥን ውስጥ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። የቀረን የመጨረሻው ሙከራ ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣው መስመር ሽቅብ ወጣ። የተዉት አይጦች ዘንጓን ይቀጠቅጧታል! ኮኬይን አልተሰጣቸውም፣ መብራቱ አልበራም፣ ፓምፑ ውስጥ ስሪንጅ እንኳ አልነበረም። ጉድ ፈላ።

እንዲህ ሲሆን ማንም የሚያደርገውን አደረግን። ሽቦ ነቀልን፣ ሰካን። ፕሮግራሙን አጥፍተን አበራን። አንዱ ተመራማሪ ጥፋቱ የሶፍትዌር ነው ብሎ ድርቅ አለ። ፕሮፌሰራችን ሰዓቱን እያየ መጣና "የዛሬውን ቀን አውጡት፣ ነገ እንደገና ሥሩ" አለ። ክፉ ሰው አይደለም። የምርምር ገንዘቡን ለማሳደስ ማመልከቻ የሚገባበት ቀን ደርሶበት ነበር፤ የሁላችንም ደሞዝ የሚከፈለው ከዚያው ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ውሳኔ የሚወሰነው በአንጎል ሳይሆን በማመልከቻ ቀን ነው። እኔ ግን ሁሉም አይጦች በአንድ ቀን ማበዳቸው አልዋጥልኝ አለ። አንድ አይጥ ቢሆን እሺ። ሁሉም ከሆኑ የሆነ ነገር ነግሯቸዋል ማለት ነው። ዳታውን ከማጥፋታችን በፊት ትንሽ እንቆይ ብዬ ለመንኩት።

መልሱ የመጣው ከማንጠብቀው ሰው ነው። እንስሳቱን የሚመግቡ፣ ማደሪያቸውን የሚያጸዱ አንድ በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ ነበሩ። ከፕሮፌሰሩም ከእኔም በፊት እዚያ ቤት የገቡ ናቸው። አብዛኞቻችን ከሰላምታ ያለፈ አናወራቸውም ነበር። ባዶ ማደሪያዎቹን ሊወስዱ ገቡና በር ላይ የቆመውን ጋሪ አይተው ሳቁ።

"ጋሪዬ ተመለሰች እንዴ?"

"የትኛዋ?" አልኩ።

"ይቺ የምትጮኸዋ። ለጥገና ብለው ወስደዋት አልነበር? ጎማዋን ሳይነኩ መለሷት።"

ገፋ አደረጓት። ሲጢጥ አለች። ቀጥለው ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "አንቺ ኮኬይን በምትሰጫቸው ጊዜ እኮ በዚችው ነበር የምትወስጃቸው። ገና ኮሪደሩ ላይ ድምፅዋን ሲሰሙ ብድግ ብለው ይጠብቁሽ ነበር። በዚያኛው ጋሪ ግን ተኝተው ነው የሚሄዱት።"

ልክ ናቸው። ጋሪዋ ጥገና የገባችው ኮኬይኑን ባቆምንበት ሰሞን ነው። ከጎረቤት ቤተ ሙከራ የተዋስናት ድምፅ የላትም። አይጦቹ ኮኬይን መቅረቱን የተማሩት ጸጥ ባለችው ጋሪ እየሄዱ ነው። የምትጮኸዋ ስትመጣ የሰሙት ሌላ ዜና ነው።

ፕሮፌሰሩ ሲነገረው መጀመሪያ ሳቀ። "ስለ ጎማ ነው እንግዲህ ፔፐር የምንጽፈው?" አለ። ግን ነገሩ ለመስካችን እንግዳ አልነበረም። ሼፐርድ ሲገል የሚባል ካናዳ ውስጥ ይሠራ የነበረ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባልደረቦቹን ይዞ ያወጣው ውጤት አለ። አይጦችን ሄሮይን አለማመዱ፤ ከዚያ ከፍ ያለ መጠን ሰጡ። በለመዱበት ክፍል የወሰዱት ሲሦ ያህሉ ሞቱ። ያንኑ መጠን ሌላ ክፍል ውስጥ የወሰዱት ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ናቸው የሞቱት። ሄሮይን ቀምሰው የማያውቁት ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። ዕፁ አንድ፣ መጠኑ አንድ፤ የተለየው ክፍሉ ብቻ ነው። ሰውነት የለመደውን ክፍል ሲያይ ሊመጣ ያለውን አውቆ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ክፍሉ ሲቀየር ሳይዘጋጅ ይደርስበታል።

ዶፓሚንም ቢሆን ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። በ1990ዎቹ ቮልፍራም ሹልትስ የሚባል የአንጎል ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው። እንስሳው ጭማቂ ሲያገኝ የዶፓሚን ሕዋሳቱ መጀመሪያ የሚነሡት ለጭማቂው ነው። ከጭማቂው በፊት የሚመጣውን ምልክት ከተማረ በኋላ ግን የሚነሡት ለምልክቱ ነው፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ብዙም አይነሡም። የእኛ አይጦች ምልክት መብራቱ ብቻ ይመስለን ነበር። እነሱ ግን ከኮሪደሩ ጀምረው ነው የሚማሩት።

ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ ፈቀደ። አይጦቹን ለሁለት ከፈልናቸው። ግማሾቹ በምትጮኸዋ፣ ግማሾቹ ጸጥ ባለችው ሄዱ፤ ቀጥሎ አቀያየርናቸው። በሲጢጥታ የመጡት በግልጽ የበለጠ ተጫኑ። አይጦቹ ጥቂት ስለነበሩ ትልቅ ግኝት ነው አልልም። ያ ቀን ግን አልተጣለም። ውጤቱ እንዳለ ቀረበ፣ የመጨረሻው ሙከራም የጋሪውን ጉዳይ ካስተካከልን በኋላ ተሠራ። ዘዴውን በምንገልጽበት ክፍል ስለ ጋሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ገባ። ጽሑፉን ከገመገሙት አንዱ "ይህ ለምን አስፈለገ?" ብሎ ጠይቆን ነበር።

ለምን እንዳስፈለገ ከጋሪ በላይ የሆነ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት አንድ ዓይነት ዘር ያላቸውን አይጦች በሦስት ቤተ ሙከራዎች፣ በተመሳሳይ መሣሪያና ሰዓት ፈተናቸው። ከፈተናዎቹ አንዱ ኮኬይን ምን ያህል ያንቀሳቅሳቸዋል የሚል ነበር። ሁሉን ነገር አንድ ለማድረግ ያን ያህል ደክመው በአንዳንዶቹ ፈተናዎች ላይ ውጤቱ ከቦታ ቦታ ተለያየ። ማንም ያልመዘገበው ነገር የእንስሳቱ ጆሮና አፍንጫ ሳይደርስ አልቀረም።

ለሰውም ይኸው ነው። ሱሰኛን ክሊኒክ ውስጥ አስቀምጦ ዕፁን የሚወስድበትን ዕቃ ደጋግሞ እያሳዩ አምሮቱን ለማደንዘዝ ተሞክሯል። ውጤቱ ብዙ አላረካም። አንዱ ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል፦ አምሮቱ የጠፋው ክሊኒኩ ውስጥ ነው፤ ሰውየው የሚመለሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ነው። የተገላቢጦሹን ያሳዩት በቬትናም ጦርነት ሄሮይን የተጠቀሙት የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው። ሊ ሮቢንስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ያጠናቻቸው ናቸው። እዚያ ከዘመቱት ወታደሮች ከአምስቱ አንዱ ያህል ሱስ ይዞት ነበር። ከእነዚያ ሱሰኞች አገራቸው ሲገቡ በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ የተመለሰባቸው ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ቦታ መቀየር ብቻ ነው የሚል የለም፤ ግን የለመዱት ሁሉ ባሕር ማዶ ቀርቶ ነበር። ከእስር ወይም ከሕክምና የሚወጣ ሰው ግን ቀጥታ ወደ ለመደው ቦታ ነው የሚመለሰው። ከፍ ያለ መጠን ያስችለው የነበረው መልመድ ከሰውነቱ ወጥቷል፣ አምሮቱ ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። በድሮው መጠን ሲጀምር የመሞት አደጋው የሚከፋው እነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ውስጥ ነው።

ፔፐሩ ሊወጣ ሲል ሠራተኛው በምስጋናው ክፍል ስማቸው ይግባ አልኩ። ትንሽ ጭቅጭቅ ነበረው። "እንዲህ ከጀመርን የጽዳት ሠራተኛውም የጥበቃውም ስም ይገባል" ያለ ነበር። እሱም ቢሆን የሆነ ነገር ካየ ይግባ፣ ምን ቸገረን? በመጨረሻ ገባ። ታትሞ ሲወጣ አንድ ቅጂ ወሰድኩላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ስማቸውን መጨረሻው ላይ አገኙትና "ከአይጦቹ በኋላ ነዋ የገባሁት!" ብለው ሳቁብኝ።

በዚህ ሙያ ኮሪደር ላይ ጆሮ ስለሰጠ ደረጃ የሚያድግ የለም። የሚቆጠረው የታተመ ጽሑፍና ያመጣኸው ገንዘብ ነው። ይህን ማንም ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ይማረዋል፤ እኔም አልተቃወምኩትም፣ ደሞዝ ያስፈልጋል። ከፒኤችዲ በኋላ ሥራ ፍለጋ ቃለ መጠይቅ ስዞር ግን አንድ ልማድ አበጀሁ። የምርምር ንግግሬን ከጨረስኩ በኋላ የእንስሳት ማደሪያውን አሳዩኝ፣ ከሚንከባከቧቸው ሰዎች ጋርም ላውራ እላለሁ። አንድ ስመ ጥር ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህን ስጠይቅ ኃላፊው በደስታ ይዞኝ ወረደ። ሁለት በር ከሞከረ በኋላ ግን የቱ እንደሆነ ጠፍቶት ሰው መጥራት ነበረበት። ሌላኛው ቦታ ስሄድ የቤቱ ኃላፊ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ቆማ የአየር ማናፈሻው ድምፅ ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ተቀይሯል አልተቀየረም እያለች ከሠራተኛዋ ጋር ትከራከር ነበር። ክፍያው ከመጀመሪያው ያንሳል። የፈረምኩት እዚያ ነው።