ከእንጦጦ ጠርዝ እስከ ዝቋላ፦ ርቀትን በእርሳስ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ገና ከመነሻው ትንፋሽ ያሳጥራል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በኅዳር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት እርሳሱን ምን ያህል እንደተጫነው አያውቅም፤ ሼድ ማድረግ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላን በእርሳስ ጥቁረት ማውጣት፣ ደግሞ ዋናው ነገሩ ጫናን መቆጣጠር ነው። ስለዚህ ዳገቱን በታክሲ ከመጨረስ ቢያንስ የመጨረሻውን ክፍል በእግር እወጣለሁ። ሰውነት ሞቆ፣ ደም ጣት ድረስ ደርሶ መቀመጥ ይሻላል።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ብዙ አይደለም። አምስት እርሳስ አለ፦ 2ኤች፣ ኤችቢ፣ 2ቢ፣ 4ቢ እና 6ቢ። ወረቀቱ ኤ4 ሆኖ ፊቱ ሻከር ያለ፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም የሆነ ነው። ማስደገፊያ ጠንካራ ካርቶን፣ ሁለት መቆንጠጫ፣ ምላጭ፣ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ፣ ሶፍት፣ አንድ ተራ ላጲስ፣ አንድ ደግሞ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ላጲስ እጨምራለሁ። ባለ 80 ግራሙን የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለልምምድ እንጂ ለዚህ ጉዞ አልመክርም። ፊቱ ልሙጥ ስለሆነ የእርሳሱን ዱቄት የሚይዝበት ሻካራነት የለውም፤ ሁለት ጊዜ ከደረባችሁበት ሦስተኛውን አይቀበልም። ሌላው ነገር ጤዛ ነው። ወረቀቱን ሣር ላይ ካስቀመጣችሁት እርጥበት ይስባል፣ ይለሰልሳል፣ ጠንካራ እርሳስ ሲያርፍበትም ይሰረጎዳል።

እርሳስ በምንለው ነገር ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት የለም። ግራፋይትና ሸክላ አፈር ተቦክቶ በእሳት የተጠበሰ ነው፤ ይህን አሠራር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1795 በስሙ ያስመዘገበው ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ ነው። ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ ቀለሙም ይሳሳል፤ ይህ የኤች ወገን ነው። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፤ ይህ የቢ ወገን ነው። ብዙ ስህተት የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው። ለምሳሌ 2ኤችን በኃይል ተጭኖ ጥቁር ለማውጣት የሚታገል አለ። የሚያተርፈው ወረቀት ላይ ቦይ መቆፈር ብቻ ነው፤ በኋላ 4ቢ ሲያልፍበት ለስላሳው እርሳስ ቦዩ ውስጥ አይገባምና ነጭ ጭረት ሆኖ ይቀራል። 6ቢን ደግሞ ከመጀመሪያው ደፍጥጦ የሚጫን አለ። የግራፋይቱ ቅንጣት ይተኛና ያብረቀርቃል፤ ከጎን ሲያዩት ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ብር ይመስላል።

እንደተቀመጥኩ መጀመሪያ የምሠራው ተራራውን አይደለም። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጎናቸው 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ አምስት ሳጥኖች በተርታ አሰምራለሁ። አንደኛው ባዶ ወረቀት ነው። ሁለተኛው በ2ኤች፣ ሦስተኛው በኤችቢ፣ አራተኛው በ2ቢ ይሞላል፤ አምስተኛው በ4ቢ ተጀምሮ በ6ቢ ይዘጋል። አንዱንም ባንድ ጊዜ አልጨርሰውም፤ ሦስት ስስ ድርብ አደርጋለሁ። በመጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ የተጠጋጉ መስመሮች፣ ቀጥሎ አቅጣጫውን 30 ዲግሪ ያህል ዘወር አድርጌ በላዩ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ደግሜ። በ90 ዲግሪ የተጣረሰ መስመር ወንፊት ይመስላል፣ ሩቅ ተራራ ላይ ደግሞ ወንፊት አያምርም። እርሳሱን ከሾለው ጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ያዙትና እጃችሁን ከክርን አንቀሳቅሱ። ለጽሕፈት እንደምንይዘው ከያዛችሁት ሥራው የጣት ብቻ ይሆናል፤ መስመሩ እያጠረ እየጠለቀ ይሄዳል። ሳጥኖቹ እርሳሱንም ይመረምሩላችኋል። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት 6ቢ ተብሎ የታተመበት እርሳስ ሳጥን ላይ ሲሞከር ከ2ቢ አልጠቆረም፤ ይህን በተራራው ሥዕል መሀል ከማወቅ እዚህ ማወቅ ይሻላል።

ከእንጦጦ ጠርዝ ወደ ደቡብ ሲያዩ አራት ተራራ ይቆጠራል። በቀኝ፣ ወደ ምዕራብ ጠጋ ብሎ ወጨጫ አለ፤ ከእሱ በግራ ፉሪ። ከመሀል በጣም ርቆ ዝቋላ፣ በስተግራ ደግሞ የረር። ወጨጫና ፉሪ በቀጥታ ሲለካ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር፣ የረር 30 ገደማ፣ ዝቋላ 60 ገደማ ይርቃሉ። ርቀትን በጥቁረት መጠን መናገር ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። በእኛና በተራራው መሀል ያለው አየር፣ አቧራና ጭስ የፀሐይን ብርሃን ይበትናል። ያ ብርሃን በተራራው ጥቁር ላይ ይደረብና ያሳሳዋል፤ አየሩ በወፈረ ቁጥር መሳሳቱም ይብሳል። ስለዚህ ዝቋላ ከሰማዩ የሚለየው በግማሽ ደረጃ ብቻ ነው። አንደኛውንና ሁለተኛውን ሳጥን አይታችሁ መሀላቸውን ስጡት፤ በ2ኤች አንድ ድርብ ይበቃዋል። ፉሪ ሁለተኛውን አልፎ ወደ ሦስተኛው ይጠጋል። ከሦስተኛው ሳጥን በላይ ለሩቅ ተራራ አይሰጥም፤ አራተኛውና አምስተኛው ከፊታችን ላለው ዛፍና ድንጋይ ይቀመጡ። ጥቁሩን ቶሎ የጨረሰ ሰው ፊት ለፊቱ ላለው ዛፍ የሚሰጠው አይኖረውም።

የብርሃኑ አቅጣጫም ተራራውን ይለያየዋል። በኅዳር ጠዋት ፀሐይዋ በግራ፣ ከየረር ብዙም ሳትርቅ ናት፤ ስለዚህ የረር ከኋላው ስለሚበራ ሸለቆው ሁሉ ይጠፋና አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ጥላ ሆኖ ይታያል። ወጨጫ ደግሞ ፊቱ ይበራለታል፤ ከአናቱ የሚወርዱት ሸለቆዎች አንድ ጎናቸው ብሩህ ሌላው ጨለማ ሆኖ ይቆጠራሉ። ፀሐይ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትሄዳለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ 1፡30 ላይ ያያችሁት ጥላ 3 ሰዓት ላይ አይገኝም። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የጥላውን ዳር በስስ መስመር ከልላችሁ ውስጡን በአንድ ድርብ ሙሉት፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ብትሄድም የመጀመሪያውን አትልቀቁ።

ጀማሪ ሁሉ የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ የተራራ ግርጌ ነው። ግርጌው መሬት ስለሚነካ ይጠቁራል ብሎ ያስባል። ጠዋት ከእንጦጦ ላይ ያለው እውነት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የማዕድ ቤቱ ጭስና የመንገዱ አቧራ ዝቅ ብሎ ስለሚተኛ የፉሪ ጫፍ ከግርጌው ይጠቁራል። ከጫፉ ጀምራችሁ ወደታች ስትወርዱ ጫናውን እየቀነሳችሁ ሂዱ፤ ግርጌው ላይ ወረቀቱ ራሱ ጭስ ይሁን። ሽግግሩ ካልለሰለሰ ሶፍት ጣት ላይ ጠቅልሎ አንዴ ማሸት ይቻላል። በባዶ ጣት አይሞከርም፤ የቆዳው ቅባት ወረቀቱ ላይ ይቀርና በኋላ እርሳስ ሲያርፍበት ዥጉርጉር ያወጣል። የጫፉን ዙሪያም በመስመር አትክበቡት። ተራራ ክር የለውም፤ ጥቁረቱ የሚያልቅበት ቦታ ጫፉ ነው።

ከብት የሚያግድ አንድ ልጅ ከኋላዬ ቆሞ ብዙ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ዝቋላን ዘለሉት እኮ» አለኝ።

«አለ፣ ጠጋ ብለህ እየው» አልኩት።

ወረቀቱ ጋ ስንዝር እስኪቀረው ጎንበስ ብሎ አገኘው፤ ቀና ብሎም እውነተኛውን ተራራ ፈለገው፣ እሱንም ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት። ልኩ ይኸው ነው።

ከሥር የተንጣለለውን ከተማ ቤት በቤት መሳል አያስፈልግም። ዐይንን ጨፈን አድርጎ ሲያዩት ጣራና ፎቅ መሆኑ ይጠፋና አግድም የተነጣጠሉ ግራጫ ቁርጥራጮች ይሆናል። በኤችቢ አጫጭር አግድም ጭረት ሙሉት፤ ከዚያ የተራውን ላጲስ ጥግ በምላጭ አሹላችሁ እዚህም እዚያም አንሡ። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ማለት ያ የተነሣው ነጭ ነው።

ባህር ዛፉ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ እኔም የቀኑን ግማሽ የሰጠሁት ለእሱ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን የለበሰው ይህ ዛፍ ቅጠሉ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ማጭድ የመሰለ ነው። ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ስለሚንጠለጠል ብርሃን በመሀሉ ያልፋል፣ የዛፉ አናትም እንደ ዋርካ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ አይሰጥም። ስለዚህ አናቱን እንደ ደመና ክብ አድርጎ ማጥቆር ትልቅ ስህተት ነው። በ2ቢ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ፣ ጫፋቸው የሚሳሳ አጫጭር ጭረቶችን በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ እያሰባሰባችሁ ሂዱ፤ በመሀል ሰማይ የሚታይበትን ቀዳዳ ተዉ። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ግን ፍጹም ነጭ አትተዉት፤ በ2ኤች ትንሽ አደብዝዙት። ዙሪያው ጥቁር ስለሆነ ነጩ ወረቀት እንደ አምፖል ይበራና ዐይንን ይስባል።

ግንዱ ደግሞ የሚሠራው ራሱን ባለመንካት ነው። ነጩ ግንድ የሚወጣው ከኋላው ያለው ሲጠቁር ነው፤ በግንዶቹ መሀል ያለውን ቦታ በ4ቢ ሙሉት፣ ግንዱ ራሱ ይወጣል። ቀጥሎ ክብነቱን ስጡት፦ ብርሃኑ በሚመጣበት በኩል ባዶ ወረቀት፣ ወደ መሀል ኤችቢ፣ ከመሀል አልፎ በጣም ጥቁሩ ሰረዝ፣ መጨረሻ በጥላው ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደገና ሳሳ ያለ። ይህ የመጨረሻው ከመሬቱና ከጎረቤት ግንድ ተመልሶ የሚያርፍ ብርሃን ነው፤ እሱ ከተረሳ ግንዱ ጣውላ ይሆናል። እየተላጠ የሚንጠለጠለውን ረጅም ቅርፊት በሾለ 4ቢ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ አስገቡ፣ ሥሩም ቀጭን ጥላ አድርጉለት። እርሳሱን በመቅረጫ ሳይሆን በምላጭ ቅረጹ፤ ግራፋይቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጣና በብርጭቆ ወረቀት ይሹል። በጎኑ ሰፊ ጥላ፣ በጫፉ ቀጭን መስመር ይሰጣችኋል።

እንጦጦ ማርያም ቅጥር ዙሪያ ያለው ጥድ ደግሞ ከባህር ዛፉ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለና ጨለማ ነው፤ አምስተኛው ሳጥን የሚገባው እዚህ ነው። ጭረቱም ከታች ወደ ላይ፣ አጭርና የተጨናነቀ ይሁን። ሁለቱን ዛፎች በአንድ ዓይነት ጭረት የሠራ ሰው ደኑን ምንጣፍ ያደርገዋል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት፣ ስምንት ማዕዘን ነው። ክብ ጎጆ ላይ ጥላው ሳይታወቅ እየጨመረ ይሄዳል፤ ስምንት ማዕዘን ላይ ግን በእያንዳንዱ ማዕዘን ይዘላል። ከአንድ ቦታ ሦስት ግድግዳ ከታያችሁ ሦስት ደረጃ ስጡ፣ አንዱን ግድግዳ ከሌላው ጋር አታዋህዱ። አጠገቡ ያለው የቀድሞው ቤተ መንግሥት ኖራ የተቀባ ግድግዳና የሣር ክዳን ስላለው ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ማነጻጸር ይቻላል። ክዳኑ ግድግዳው ላይ የሚጥለው ጥላ ከክዳኑ ራሱ ይጠቁራል።

ከሰዓት በኋላ ወርጄ የጎጃሙን መንገድ ይዤ ሱሉልታ ገባሁ። እዚህ ተራራ የለም፣ ሜዳ ነው፤ ሣሩ ታጭዶ ክምሩ በየቦታው ቆሟል። ሜዳ ላይ ጭረቱ ሁሉ አግድም ይሁን፤ ቅርብ ያለው ረዘም፣ ሩቁ አጠር ብሎ የተጠጋጋ። ክምሩ ላይ ግን ጭረቱ ቅርጹን ተከትሎ ከአናቱ ወደ ጎን ይጎብጥ። ጥላውን ስትሠሩ ሁለት ጥላ መኖሩን አትርሱ፤ አንዱ ክምሩ ራሱ ላይ ያለው፣ ሌላው መሬት ላይ የሚወድቀው። መሬት ላይ ያለው ክምሩን የሚነካበት ቦታ በጣም ጥቁር ነው፣ ዳሩም ጥርት ያለ። እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል፣ ዳሩም ይደበዝዛል። 10 ሰዓት ላይ የክምሩን ቁመት እጥፍ ገደማ የሆነው ጥላ 11 ሰዓት ላይ ከቁመቱ አራት እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ እዚህም ርዝመቱን ገና ሲቀመጡ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

ብርሃኑ ሊያልቅ ሲል የሚቀረው ሥራ የላጲስ ነው። ለስላሳውን ላጲስ እንደ ሊጥ አድቦልቡዬ ጫፉን አሾልኩና የክምሩን ብሩህ ጎን ሳላሽ ጫን አድርጌ አነሣሁ፤ ዱቄቱን ይዞት ይነሣል፣ ወረቀቱን አይጎዳም። ከዚያ በሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት አለበስኩ፣ እንዳይንሸራተትና ዱቄቱን እንዳያሸው በአራቱም ጥግ በፕላስተር ያዝኩት፣ ካርቶኑን ደርቤ በመቆንጠጫ አሰርኩና ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ታክሲ መጠበቅ ጀመርኩ።