በየ14 ቀኑ ሐሙስ፦ ወተት የሚጨምረው መርፌ ያስተማረኝ

ታናሽ ወንድሜ ሱሉልታ ላይ አራት ዲቃላ ላሞች አሉት። ባለፈው ጥቅምት ደወለና «ጋሼ፣ እናንተ ጋ አሜሪካ ወተት የሚጨምር መርፌ አለ አሉ። አንዱን ልትልክልኝ አትችልም?» አለኝ።

መርፌውን በደንብ አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ውስጥ፣ ትዊን ፎልስ ከተማ አካባቢ በአንድ የወተት እርባታ ስሠራ ወጊው እኔ ነበርኩ።

ስሙ ፖሲላክ ነው። ላሟ በተፈጥሮ የምታመነጨውን የእድገት ሆርሞን በባክቴሪያ አማካይነት አምርተው ነው የሚያቀርቡት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 ፈቀደችው፣ በ1994 ገበያ ላይ ዋለ። ላሟ የበላችው ወደ ሥጋዋ ሳይሆን ወደ ግቷ እንዲያዘነብል ያደርጋል። ወተት ሠሪዎቹ ህዋሶችም ቶሎ አይከስሙም።

መድኃኒቱ በሰሊጥ ዘይት የተበጠበጠ ነው። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ሁመራ ትዝ አለኝ። ፍሪጅ ውስጥ ስለሚቀመጥ ይወፍራል፤ ትንሽ ካልሞቀ ለመግፋት ያስቸግራል። በየ14 ቀኑ ሐሙስ ጠዋት፣ ላሞቹ መኖ ላይ አንገታቸው ሲያዝ፣ ጅራታቸው ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ከቆዳው በታች 500 ሚሊግራም እወጋለሁ። ዛሬ በግራ ከሆነ ቀጣዩ በቀኝ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከወለደች ሁለት ወር ያለፋትን ሁሉ ወጋሁ። ይህ ትልቁ ስህተቴ ነበር። አንዲት ከሲታ ላም አሁንም ዓይኔ ላይ አለች። ለጥቂት ሳምንታት ወተቷ ጨመረ፤ ከዚያ የጎን አጥንቷ ወጣ፣ ሦስት ጊዜ ተዳቅላም አልያዘችም። መርፌው ከባዶ ምንም አይፈጥርም። ላሟ ያላትን ነው አሟጦ የሚያወጣው። የመድኃኒቱ መመሪያ ራሱ የጡት በሽታና የመፀነስ ችግር ሊጨምር እንደሚችል ያስጠነቅቃል። እኔ ግን አላነበብኩትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥጋዋ የሞላ፣ ግቷ ጤነኛ የሆነና እርግዝናዋ የተረጋገጠ ላም ብቻ መምረጥ ጀመርን። ትርፉም የታየው ያኔ ነው። አንድ መርፌ 6 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። 100 ፓውንድ (45 ኪሎ ገደማ) ወተት በ15 ዶላር ቢሸጥ፣ በቀን 10 ፓውንድ የጨመረች ላም በ14 ቀን 21 ዶላር ታስገባለች። 4 ፓውንድ ብቻ የጨመረችው 8 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው የምታመጣው። ወተት የጨመረች ላም ደግሞ መኖም ትጨምራለች። የመርፌውንና የመኖውን ስትቀንስ ከሁለተኛዋ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ እያንዳንዷን ላም ለብቻዋ መዝግቡ። የመንጋው አማካይ ያታልላል።

በ2008 የቡና መሸጫው ስታርባክስ የሚጠቀምበትን፣ ትልልቆቹ የገበያ ድርጅቶች ክሮገርና ዋልማርት ደግሞ በራሳቸው ስም የሚሸጡትን ወተት መርፌ ካልተወጉ ላሞች ብቻ ወደ ማድረግ ገቡ። የእኛም ወተት ተረካቢ «አንጠቀምም» ብላችሁ ፈርሙ አለን። የመንግሥት ተቆጣጣሪው ወተቱ ላይ ጉልህ ልዩነት የለም ይል ነበር፤ ካናዳና አውሮፓ ግን ገና በ1999 ለላሞቹ ጤና ብለው እምቢ ብለዋል። ሸማቹ አልፈልግም ካለ ምን ይደረጋል? ፈረምን፣ አቆምን።

ወንድሜን መልሼ ጠየቅሁት፦ «ላሞችህ በቀን ስንት ጊዜ ውሃ ይጠጣሉ?»

«ጠዋትና ማታ።»

«መኖስ?»

«ገለባና ድርቆሽ። ፉርሽካና ፋጉሎ ደግሞ ብር ሲኖር።»

ሆዴ ባባ። አንድ ሊትር ወተት ለመስጠት ላም አራት አምስት ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለች ላም ላይ መርፌ መጨመር በደል ነው። በዚያ ላይ በዐቢይ ጾም ወተት ገዢ ሲጠፋ፣ የጨመረውን ለማን ይሸጠዋል?

አልልክም አልኩት። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። በኋላ በርሜል ለሁለት ቆርጦ በረቱ ውስጥ አስቀመጠ፤ ውሃ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ፉርሽካውንም እንደየወተታቸው መስፈር ጀመረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዋናዋ ላሙ ከ9 ሊትር ወደ 11 ደረሰች። ስልክ ላይ ድምፁ ራሱ ተለውጦ ነበር!

አሁን ለመኖ አጃና ቬች የተባለ የጥራጥሬ ዘር ተክል ቀላቅሎ ሊዘራ ሩብ ሄክታር መሬት ተከራይቷል። የዘሩን ብር ባለፈው ሳምንት ላክሁለት። ሰኔ ላይ ይዘራል።