በቀበሌ ቤት ግቢ የሚያስፈራ ጎረቤት፦ ሽምግልናው ሲጓተት ሦስት ወሩ እንዳያልፍ

ደሴ ውስጥ የቀበሌ ቤት ማለት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግቢ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንዳንዴም ለሁሉም አንድ ቆጣሪ ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ አንዱ ሰፊ ቤት ለሁለትና ለሦስት አባወራ የተከፈለበት ግቢም አለ። ማካፈያው የጭቃ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ክፍት ነው። የጎረቤት ሳሉ ይሰማል፣ ስድቡ ይሰማል፣ እናንተም ስለ እሱ የምታወሩት ይሰማዋል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስለዚህ ምክሩ ማታ እዚያው ቤት ውስጥ በሹክሹክታ አይመከር፤ ዘመድ ቤት ሂዱና ተማከሩ።

ጎረቤት ሲያስፈራ «ዝም ብላችሁ ከሱ ራቁ» የሚባለውም እዚህ አይሠራም። ሽንት ቤት የሚኬደው በእሱ በር ነው።

መጀመሪያ ሰውየው የሚያስፈራው በምን እንደሆነ ለዩ። ጠጪውና ቃሚው ሰዓት አላቸው። አረቄው ማታ ነው የሚያናግረው፤ ጫቱ ደግሞ ምርቃናው ሲወርድ ነው የሚያስቆጣው። እንዲህ ላለው ሰው ማታ በሩ ላይ ሄዶ «ድምፅ ቀንሱልን» ማለት እሳት ላይ ጋዝ ነው። ነገር ካላችሁ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው፣ ግቢው መሃል፣ ሌላ ሰው እያየ፣ በአጭሩ ንገሩት። «አንተ» አይባልም፤ ቢያንገሸግሽም «እርስዎ» ወይም «ጋሼ» በሉት። አክብሮቱ ለሱ ብቻ አይደለም፣ በኋላ ምስክር ለሚሆኑት ጆሮም ጭምር ነው።

ሁለተኛው የታመመ ነው። ሌሊት አይተኛም፣ ብቻውን ይከራከራል፣ ውሃዬ ውስጥ መድኃኒት ጨመራችሁ ይላል። ከዚህ ሰው ጋር ክርክር አይያዝም፤ «አልጨመርንም» ብሎ መማልም ጥርጣሬውን ያባብሰዋል። ቤተሰቡን ፈልጉ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ቤተሰቡ ፀበል ወይም ሩቅያ (ቁርአን ማስቀራት) ካለ አትጣሉት፤ አንድ ነገር ብቻ አስይዙ፦ የጀመረውን ኪኒን በራሱ ጊዜ እንዳያቋርጥ። ለተወሰነ ጊዜ ተሽሎት የነበረ ሰው ድንገት የሚብስበት፣ ብዙ ጊዜ «ድኛለሁ» ብሎ ከተወው በኋላ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል፤ አይጠጣም፣ አልታመመም፣ የሚፈልገው ነገር አለ። ማድ ቤታችሁን ወይም የበራችሁን ፊት ይፈልጋል። ማገዶውን በራችሁ ላይ ይቆልላል፣ የልብስ እጣቢውን ደጃፋችሁ ላይ ይደፋል፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ለዚህ ሰው ሽምግልና ጊዜ መግዣ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ክስ ከመታሰቡ በፊት በሩ ይጠገን። የድሮ ግቢ በር ጓጉንቸር ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ብረት በብሎን ወይም በምስማር ከውጭ የተመታ ነው፤ አንድ ጠፍጣፋ ብረት ይነቅለዋል። ነቅላችሁ አውጡትና በሩን ዘልቆ የሚያልፍ ብሎን አስገቡ፣ ዳዶው ከውስጥ ይሁን። ከውስጥ ሁለት መቀርቀሪያ ይግባ፦ አንዱ ከላይ አንድ ስንዝር ወርዶ፣ ሌላው ከታች አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። መሃል ላይ አንድ ብቻ ከሆነ ቆርቆሮው በእርግጫ ታችኛው ጥጉ ይታጠፋል። ደግሞ በር ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው መቀርቀሪያው ሳይሆን ክፈፉ ነው፤ ጭቃው ከእንጨቱ ለቆ እንደሆነ በእጃችሁ ገፍታችሁ እዩት፤ ከነቃነቀ መጀመሪያ እሱ ይጠበቅ። ሽንት ቤቱ መንገድ ላይ አንድ አምፖል ይሰቀል፣ ማብሪያው ግን ቤታችሁ ውስጥ ይሁን። ማታ በር ሲደበደብ አይከፈትም፣ ከውስጥም አይመለስለትም፤ ስልክ ይደወላል።

ቀጥሎ ደብተር። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ የተናገረው ቃል በቃል፣ የሰማው ሰው። «ሰደበን፣ አስፈራራን» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። «አሳይሃለሁ» እና «በዚህ መጥረቢያ ነው እምፈልጥህ» ለሕግ እኩል አይደሉም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 ዛቻን እስከ ስድስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል፤ የሚመለከተው ግን ሰውን የሚያሸብር ከባድ አደጋ አደርሳለሁ ያለን ነው። መርማሪው የሚጠይቃችሁ «ምን አለ?» ብሎ ነው፤ «ምን ተሰማችሁ?» አይልም።

ወሎ ውስጥ ነገር በቀጥታ ፖሊስ ጋ አይሄድም፤ መጀመሪያ የሚነገረው ለሽማግሌና ለቅሬው (ለእድሩ) ዳኛ ነው። ትክክልም ነው፤ የቅሬ ፊት መንሳት የሚያስደነግጠው ሰው አለ፣ የሚቀብረው ማን ሆነና። ግን ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ሰውየው የቅሬው አባል ነው ወይ? ብዙ ጊዜ አባሏ እናቱ ናት፤ የቀበሌ ቤቱ ውልም በእናቱ ስም ነው። ያኔ ሽማግሌ የሚላከው ወደ እሷ ነው፤ ውሉ የሚያሰጋት እሷ ናትና። ሁለተኛ፣ ከቅሬ ማስወጣት የመጨረሻው ዱላ ነው። ከወደቀ በኋላ ሰውየው የሚፈራው ነገር አይቀረውም። በወሬ ደረጃም አይነሳ።

ሽማግሌ ሲመረጥ ሦስት ይበቃል፤ ከሱ ወገን አንድ፣ ከእናንተ አንድ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ። ሼኽም ቄስም ቢኖርበት በኛ አገር ብርቅ አይደለም። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣ፣ ቱፍታው (ምርቃቱ) ይድረስ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ግን ወረቀት ይጻፍ። «ከእንግዲህ በሰላም እንኖራለን» የሚል ስምምነት ማንንም አያስርም። «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቴፕ አይከፈትም፤ ማገዶ ከበሩ ፊት በሁለት ቀን ይነሳል፤ ቢጣስ ይህን ያህል ብር ለቅሬው ይከፈላል» የሚል ያስራል። ዋስ ይጥራ፤ ዋሱም ይፈርም። ሁለት ቅጂ ይሁን።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት። ዛቻ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ነው፤ አቤቱታውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ ዛሬ ለቅሶ ነው፣ ነገ ገበያ ነው፣ በሳምንቱ አንዱ ኮምቦልቻ ወርዷል እያለ ሲጓተት ቀኑ አይቆምም። ያ ሦስተኛው፣ ሰው ፊት የማይጮኸው ጎረቤት፣ ይህን ያውቃል፤ «ሽማግሌ አላሳፍርም» እያለ አራተኛው ወር ላይ ያደርሳችኋል። ስለዚህ አቤቱታው ፖሊስ ጋ ይመዝገብ፣ ሽምግልናው ጎን ለጎን ይሂድ፤ እርቅ ከወረደ አቤቱታው ይነሳል። ለሽማግሌዎቹም አትደብቁ፤ ተደብቆ ከተሰማ «ከጀርባ ከሰሱ» ይባላል። እጁን ካነሳ ወይም መሣሪያ ካወጣ ግን ቅደም ተከተል የለም፣ ፖሊስ ነው። ከተመታችሁም እብጠቱ ሳይሟሽሽ በዚያው ቀን ከፖሊስ ደብዳቤ ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ለቀበሌውና ቤቱን ለሚያስተዳድረው ቢሮ የሚገባው ማመልከቻ ከአንድ ገጽ አይለፍ። እንዲህ ይጀምር፦ «ጉዳዩ፦ ዛቻና ሁከትን ይመለከታል። እኔ አመልካች በቤት ቁጥር … የምኖር ስሆን፣ በዚሁ ግቢ በቤት ቁጥር … የሚኖሩት አቶ … ኅዳር 3 ቀን ከምሽቱ 2፡30 ገደማ መጥረቢያ ይዘው በሬ ላይ በመቆም ‹ዛሬ ሳልፈልጥህ አልገባም› ብለውኛል። ይህንንም ወ/ሮ … እና አቶ … ሰምተዋል።» ከዚያ ቀጣዩ ቀን፣ ከዚያ ቀጣዩ። ስለ ጠባዩና ስለ ዘሩ ምንም አይጻፍ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፣ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። ያለማኅተም የሰጣችሁት ማመልከቻ ከጠፋ አልገባም ነው የሚባለው።

ከማስገባታችሁ በፊት ግን የራሳችሁን ጓዳ እዩ። ኪራዩ ተከፍሏል? ደረሰኙ አለ? ውሉ በማን ስም ነው? ያለፈቃድ የቀጠላችኋት ማድ ቤት፣ ለዘመድ ያከራያችኋት ክፍል አለች? ጎረቤቱ መልሶ የሚያመለክተው እሷኑ ነው፤ ቢሮውም ከዛቻው ይልቅ እሷን ለመመርመር ይቀለዋል።

በራችሁን ከዘጋ፣ ውሃ ከከለከለ፣ ማድ ቤት ከነጠቀ ደግሞ ነገሩ የፍትሐ ብሔር ነው፤ «ሁከት ይወገድልኝ» ተብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ እዚህ ትንፋሽ አለ።

ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ደብተሩ አይዘጋ። ቡና ስታፈሉ እሱንም ጥሩት፤ በአንዴ ከጠፋበት ዶለቱብኝ ይላል። ማታ ቴፑ ከ3 ሰዓት አልፎ ከጮኸ ደግሞ በሩን አታንኳኩ፤ ሰዓቱን ጻፉና ለዋሱ ደውሉ።