ሰርጉ ይጠር፣ ለቅሶው ግን ይቆይልን

ከአገሩ የወጣ ሰው ከሰፈሩና ከዘመዱ ይለያል እንጂ ወግ ከሚጠይቀው ነገር አይለያም። ልጅ ሲወለድ ክርስትና፣ ሲማር ምረቃ፣ ሲጎለምስ ሽማግሌ፣ ሰርግና መልስ፣ በመጨረሻም ቀብር፣ ሰልስትና አርባ እያለ የሚሄደው ተራ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በምንኖር ሰዎች ላይም እንደ አገር ቤቱ ይሠራል። ልዩነቱ አገር ቤት ወጉን ይሸከም የነበረው ጎረቤትና ጊዜ እዚህ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የትኛውን በሙሉ፣ የትኛውን በግማሽ እንደምናደርግ ሳይታወቀን እየመረጥን ነው፤ እኔ እንደማየው ደግሞ ምርጫችን የተገለበጠ ነው፤ ድግሱን እያሳደግን ለቅሶውን እያሳጠርን ሄደናል።

በልደት ልጀምር። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በተወለደ በ40ኛው፣ ሴት በ80ኛው ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ለሠራች እናት 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ደመወዝ ግን አያስከፍልም። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው። ሴት ልጅ የወለደች እናት እንግዲህ የክርስትናው ድግስ ዕቃ ታጥቦ ሳያልቅ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ያውም ሦስት ወር ያለ ገቢ የቤት ኪራይ መክፈል ከቻለች ነው። አያት ከአዲስ አበባ መጥታ ገንፎ ብታገነፋና ልጁን ብትታቀፍ ነበር የሚያምረው፤ ነገር ግን «ወደ አገርሽ አትመለሺም» ተብላ ቪዛ የተከለከለች አያት የሌለችበት ቤተሰብ ጥቂት ነው። ቢሆንም አራስ ጥየቃው እንደ ምንም ተርፏል፤ ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ አጥሚቱን በቴርሞስ ይዘው ጎራ ይላሉ፤ ቀኑ ማክሰኞ ላይ ቢውልም ድግሱ ወደ ቅዳሜ ይዞራል።

ምረቃውን በአጭሩ ልለፈው፤ የአራት ዓመት ሕፃን ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመረቅ ጥቁር ካባ አልብሶ ዶሮ ወጥ የሚሠራ ወላጅ መካሪ አይሰማም።

ሰርግ ላይ ግን ነገሩ ይበረታል። እናቴ በስልክ ከጤና ቀጥላ የምታነሣው ርዕስ «እኔ በቁሜ ሳለሁ አግባ» የሚል ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ወንድም ሆነ ሴት ይህን ሳይሰማ ስልክ የዘጋበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ጉዳዩ ከተቆረጠ በኋላ ሽማግሌ ይላካል። የአንድ ጓደኛዬ እጮኛ ወላጆች አዳማ ስለሚኖሩ ሽምግልናው በቪዲዮ ተደረገ። ሽማግሌ ተቀመጡ ሳይባል አይቀመጥምና የእኛዎቹ አባቶች ተነሥተው ቆሙ፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር አዳማ ያሉት ቤተሰቦች ለረጅም ጊዜ ሲያዩ የቆዩት ሦስት ቀበቶ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ዝምድናው እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ «መክረን እንመልሳለን» ተባለ፣ በሁለተኛው ቀጠሮ እሺታው ተገኘ። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ወጪው የስልክ ካርድ ያህል አይሆንም፣ ትርጉሙም አልጎደለም።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። አሜሪካ ሰርግ የሚበዛው በበጋዋ ሲሆን የእኛ ጾም ደግሞ በዚሁ ወቅት ይደራረባል። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5፣ በፈረንጆቹ እስከ ጁላይ 12 ይዘልቃል፤ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ይጾማል። በጾም ተክሊል የለምና ሙሽሮች ሁሉ ብዙ ጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ በሚውለው የሜሞሪያል ዴይ (የሜይ መጨረሻ) ሰሞን፣ በጁላይ ማገባደጃና በሌበር ዴይ (የሴፕቴምበር መጀመሪያ) ሰሞን ላይ ይጋፋሉ። አዳራሹም፣ ቪዲዮ አንሺውም፣ ክትፎ ሠሪውም በእነዚያ ቅዳሜዎች ዋጋውን ይሰቅላል። አንድ ሰው በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሰርግ ይጠራል፤ በማግስቱ መልስ አለ፤ ከዳላስና ከአትላንታ የሚመጣው ዘመድ በአውሮፕላን ቲኬትና በሆቴል ወር ሙሉ የሠራውን ያራግፋል። «የእገሌን ልጅ ሰርግ በልተን የእኛን እንዴት እናሳንሳለን» የሚለው ብድር የመመለስ ፉክክር አዲሶቹን ተጋቢዎች በክሬዲት ካርድ ዕዳ ኑሮ እንዲጀምሩ ያደርጋል። ሰርጉ በግማሽ ቢቀነስ ማንም አይጎዳም፤ የተጠራው ሰው ራሱ በልቡ ደስ ይለዋል።

ለቅሶ ግን እንደዚህ አይደለም። ካቻምና የጎረቤታችን አባት ደሴ ላይ ሲያርፉ ወንድሟ የደወለው ለእሷ ሳይሆን ለባለቤቴ ነበር። «ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ፤ ሥራ ላይ እያለችም እንዳይደርሳት አደራ» አለ። ወሬው የደረሰን ሐሙስ ማታ ነው፤ እሷ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች እስከ እሑድ እረፍት የላትም። ቀብሩ ዓርብ ተፈጸመ። እኛ በእነዚያ ቀናት ስትደውል ስለ ልጆች እያወራን፣ ስትስቅ እየሳቅን ቆየን፤ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ የአባቷን ፎቶ የለጠፈ የአክስቷ ልጅ ተለምኖ እስኪያነሣው ድረስ ባለቤቴ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እሑድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አሥር የምንሆን ሰዎች በሕንፃው መኪና ማቆሚያ ተሰብስበን፣ መብራት አጥፍተን፣ መርዶውን የሚናገሩትን ጋሼን ጠበቅን።

በሩን ስትከፍት ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መልበሳቸውን አየች። ምን ሆናችሁ አላለችም።

«እማዬ ናት?» ብላ ጠየቀች።

«አይደሉም ልጄ፤ አባትሽ ናቸው» አሏት ጋሼ።

ለአፍታ ፊቷ ላይ እፎይታ ያየሁ መሰለኝ፤ ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የታችኛው ፎቅ ነዋሪ ደንግጦ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ወጥቶ በእንግሊዝኛ አስረዳው፤ ሰውየው ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ካርቶን ውሃ በሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ቤተ ክርስቲያን ያዋሰን ተጣጣፊ ወንበር ሳሎኑን ሞልቶ እስከ ኮሪደሩ ደርሶ ነበር። ንፍሮው ተቀቀለ፣ እንጀራው በየመኪናው መጣ፣ ልጇ በቴሌግራም የተላከውን የቀብር ቪዲዮ ቴሌቪዥኑ ላይ አገናኘውና ቤቱ ሁሉ እንደ አዲስ አለቀሰ።

አሠሪዋ የሰጣት ሦስት ቀን ነው። በአሜሪካ የግል ድርጅቶችን ለሐዘን ፈቃድ ስጡ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም፤ በብዙ ድርጅት የተለመደው ሦስት ቀን ያህል ነው። እውነቱን ለመናገር የእኛም አገር የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቅርብ ዘመድ ሞት የሚፈቅደው ሦስት የሥራ ቀን ነው፤ ደመወዝ ያለው መሆኑ ይለየዋል። ስለዚህ ፈረንጅን ብቻ መውቀስ አይገባም። ደሴ ላይ ሐዘንተኛው ከሥራ መልስ ድንኳኑን እንደ ተተከለ፣ ጎረቤቱን እንደ ተቀመጠ ያገኘዋል። እዚህ እሷ ሐሙስ ማታ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ ወንበሮቹ ታጥፈው ነበር፤ ዓርብ የመጡ ለቀስተኞች ቤቱን ዝግ አግኝተው ዜል በሚባለው የስልክ መላኪያ ገንዘብ ልከው ተመለሱ። ገንዘቡ ለአርባው ተዝካር ጠቅሟል፤ አላቃልለውም። ደሴ ሄዳ መቃብሩ ላይ እንዳታለቅስ ግን የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና አልተወሰነምና ያላት ለቅሶ ያ ሳሎን ብቻ ነበር።

በዚያ ለቅሶ ላይ ማንም በቅርብ የማያውቀው አንድ የታክሲ ሾፌር ሦስቱንም ማታ መጥቶ ጥግ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ዘመዷ ነህ ወይ ብዬ ስጠይቀው የእናቱን ሞት የሰማው ተሳፋሪ ጭኖ ሲነዳ እንደ ነበር ነገረኝ፤ አገር ቤት ያለ ልጅ በስልክ ሳያስበው አወጣበት። ተሳፋሪውን እስከሚሄድበት አድርሶ፣ ሒሳብ ተቀብሎ፣ ከዚያ መኪናውን አቁሞ ብቻውን አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ የሐበሻ ለቅሶ ከሰማ ያውቀው አያውቀው ሳይል ይሄዳል።

የእኛ ዕድር ገንዘብ በመክፈል የሚታማ አይደለም። አባል ሲሞት ሬሳውን በአየር መንገዳችን ወደ አገር ቤት ለማድረስ የሚያስፈልገውን ይሸፍናል፣ ወላጅ ለሞተበትም የተወሰነ ይሰጣል። የአገር ቤት ዕድር ግን ቀብር የቀረውን አባል ይቀጣ ነበር፤ እኛ መተዳደሪያ ደንቡን ስንጽፍ «የሥራ አገር ነው» ብለን ያንን አንቀጽ አወጣነው። ቅጣቱ ይመለስ አልልም። በዚህ ዓመት ስብሰባ ያቀረብኩት ሐሳብ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ አባል እረፍት የሚሆንበትን ቀን ያስመዝግብ፣ ለቅሶ ሲኖር ከሰልስት በኋላ እስከ ሰባተኛው ቀን፣ ሐዘንተኛው ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ሁሉ ሁለት ሦስት ሰው ቤቱ ይጠብቀው።

«ለቅሶ በሽፍት ሊሆን ነው እንዴ?» ብለው የሳቁ ነበሩ፤ አንዲት እናት ደግሞ ሐዘን ከልብ እንጂ በመዝገብ አይሆንም ብለው አጥብቀው ተከራከሩ፤ ሐሳባቸው ይገባኛል። ከብዙ ክርክር በኋላ ለአንድ ዓመት ይሞከር ተባለ። እስካሁን ከተመዘገቡት አብዛኞቹ የሌሊት ሠራተኞች ናቸው፤ የቅዳሜ ማታው ሰሌዳ ግን ባዶ ነው፤ አባላቱ ሰርግ አለብን ይላሉ።