ሀሪኬን ሲመጣ ቤንዚን የት ይገኛል?

የሀሪኬን (ከባሕር የሚነሳው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ወቅት ጁን 1 ይጀምርና ኖቬምበር 30 ያበቃል። (ቀኖቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ፍሎሪዳ ተቀምጦ ሐምሌና ነሐሴ ማለቱ ማንንም አይጠቅምም።) የሚያሳስበው ጊዜ ግን ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ነው። በነዚህ ወራት ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ቤንዚን የት አለ?" አብዛኞቹ ጠያቂዎች ታምፓ አካባቢ በቅርቡ የገቡ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ጽፌ ብገላገል ይሻላል አልኩ።

ጥያቄው ራሱ ግን ትንሽ ይስተካከል። "የት አለ" ከማለታችሁ በፊት "የት ልሄድ ነው" በሉ። የምትሄዱበት ርቀት ከተስተካከለ የቤንዚኑ ጭንቀት ግማሹ ያልቃል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ለምን እንደሚጠፋ እንግባባ። ፍሎሪዳ ውስጥ ነዳጅ ማጣሪያ የለም። ቤንዚኑ በአብዛኛው የሚመጣው በመርከብ ነው፤ ታምፓ ወደብ፣ ፎርት ላውደርዴል ያለው ፖርት ኤቨርግሌድስ እና ጃክሰንቪል ይራገፋል። ከዚያ ቦቴ ይጭንና ወደየማደያው ያደርሳል። ሀሪኬኑ ሲቃረብ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኮስት ጋርድ ወደቡን ይዘጋል፣ መርከብ አይገባም። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ቦቴዎቹም ይቆማሉ። ልክ በዚያው ሰዓት ያገሩ ሰው ሁሉ ይቀዳል፣ ሦስት አራተኛ ታንክ ያለውም ሳይቀር ለሰልፉ ብሎ ይሰለፋል። አንድ ቦቴ የሚያመጣው 8,000 ጋሎን ግድም ነው። መኪናው በአማካይ 15 ጋሎን ቢቀዳ 530 መኪና ያህል ነው፣ በቃ። በጥድፊያ ቀን ትልቅ መንገድ ዳር ያለ ማደያ ይህን ለመጨረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ስለዚህ ቤንዚኑ አገሩ ላይ አልቆ አይደለም። ሁሉም በአንድ ቀን ስለፈለገው ነው። በ2017 ሀሪኬን ኢርማ ስትመጣ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ውጣ ተብሎ፣ ቦቴዎቹ በሀይዌይ ፖሊስ እየታጀቡ ነበር ወደ ማደያ የሚሄዱት። በ2024 ደግሞ ሚልተን ሄሊን ካለፈች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መጣ፤ ሰዉ የሄሊንን ጥፋት በዓይኑ አይቷልና ሳያንገራግር ወጣ፣ ሚልተን ሊገባ ሲል በስቴቱ ካሉት ማደያዎች ሩብ የሚሆኑት ደርቀው ነበር። እኛ ሰፈር ደግሞ ከዚያም ይብስ ነበር።

መቼ ይቀዳ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሳይጮህ። የብሔራዊ ሀሪኬን ማዕከሉ የሚያወጣው ያ ነጭ የትንበያ ኮን (ካርታው ላይ እየሰፋ የሚሄደው ቅርጽ) የአምስት ቀን መንገድ ያሳያል። ጫፉ ሰፈራችሁን ከነካ በዚያው ቀን፣ ከሥራ ስትመለሱ፣ ታንካችሁን ሙሉ። "የሀሪኬን ዋች" (ሊመጣ ይችላል የሚለው ማሳሰቢያ) የሚወጣው ኃይለኛው ነፋስ ይደርሳል ከሚባልበት 48 ሰዓት ቀድሞ ነው፣ ዋርኒንጉ (ይመጣል የሚለው ማስጠንቀቂያ) ደግሞ 36 ሰዓት። ለመውጣት ጥሩ ጊዜ ነው፤ ለቤንዚን ግን ዋቹ እስኪወጣ የጠበቀ ሰው ሰልፍ ነው የሚጠብቀው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። እኔ ከኦገስት ጀምሮ ጌጁ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም። አንዳንዱ ይሄን ሲሰማ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

አሁን ወደ ርቀቱ። ሁላችንም አትላንታ ዘመድ አለን። ሀሪኬን ሲባል ስልክ ይደወላል፣ "ኑ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!" ፍቅር ነው፣ ግን እስቲ እናስላው። ከታምፓ አትላንታ 450 ማይል ግድም ነው። በጋሎን 25 ማይል የሚሄድ መኪና 18 ጋሎን ይፈልጋል። የአብዛኛው መኪና ታንክ 14 ወይም 15 ጋሎን ነው የሚይዘው። ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ወደዚያ በሚወስደው ሀይዌይ፣ ኢንተርስቴት 75 ላይ፣ በሽሽት ቀን መንገዱ ክፍት አይደለም፣ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ደግሞ ኤሲ ሲታከልበት በሰዓት ከሩብ እስከ ግማሽ ጋሎን ይበላል። ማለትም ኦካላን አልፋችሁ የሆነ ቦታ ላይ መቅዳት ግድ ነው፣ እዚያ ያለውን ማደያ ደግሞ ከእናንተ በፊት የወጣው ሕዝብ ጨርሶታል።

ይሄ የኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በ2005 ሪታ ወደ ሂውስተን ስትመጣ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ባንዴ ወጥቶ፣ በዚያ ሙቀት ኤሲ አጥፍቶ ሲንፏቀቅ፣ ብዙ መኪና መሀል መንገድ ላይ ቤንዚን ጨርሶ ቆሟል። ያን ጊዜ ቴክሳስ ውስጥ የሞቱት አብዛኞቹ በነፋሱ አይደለም፣ ከሽሽቱ ጋር በተያያዘ ነው።

የአደጋ ጊዜ ኃላፊዎቹ ሲመክሩ ከውሃ ሽሹ፣ ከነፋስ ተጠለሉ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሰው የሚገድለው በብዛት ውሃው ነው። ቤታችሁ ዞን ኤ ወይም ቢ (የባሕር ውሃ ቀድሞ የሚያሰጋቸው ሰፈሮች) ውስጥ ከሆነ ትወጣላችሁ፣ አትከራከሩ። ግን መውጣት ማለት ስቴት መቀየር አይደለም። ከፍ ያለ መሬት ላይ ያለ ጠንካራ ቤት፣ ከ20 ወይም ከ30 ማይል በኋላ ሊገኝ ይችላል። ኦርላንዶ እንኳን 85 ማይል ነው፣ ሦስት ጋሎን ተኩል። ይቺ ሰልፍ አታስፈልጋትም፣ ታንካችሁ ውስጥ አለች። (ትሬይለር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ግን ዞኑ ምንም ይሁን ምን ይውጣ፣ እሱን ነፋሱም አይምረውም።)

እሺ፣ የግድ ሩቅ ትሄዳላችሁ እንበል። ጋዝባዲ የሚባለውን አፕ ጫኑ፣ በሀሪኬን ጊዜ የትኛው ማደያ ቤንዚን አለው የትኛው መብራት የለውም የሚል ካርታ ይከፍታል። መረጃውን የሚሞላው እንደናንተው ሹፌር ስለሆነ ሪፖርቱ ስንት ሰዓት እንደሆነው ሳታዩ እንዳትነዱ። የቴሌግራም ግሩፕ ወሬ ግን ጉድ ነው፤ "እንትና ጋ አለ" ብሎ የሚጽፈው ሰው ራሱ ከሌላ ግሩፕ ነው የገለበጠው። ከሀይዌይ መውጫው ላይ ያለውን ማደያ ትታችሁ ሁለት ሦስት ማይል ወደ ውስጥ ግቡ፣ ብዙ ሰው ከመውጫው አያልፍም። ደርቆ ካገኛችሁትም ካሸሩን ጠይቁ፣ ቦቴው መቼ እንደሚመጣ ብዙ ጊዜ ያውቃል።

ካሽ ያዙ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲሄድ ካርድ ወረቀት ነው። በዴቢት ካርድ ፓምፑ ላይ ስትቀዱ ደግሞ እስከ 175 ዶላር ሊያዝባችሁ ይችላል፣ የቀዳችሁት የ20 ዶላር ቢሆንም። በኋላ ይለቀቃል፣ ግን በየማደያው እየቆሙ ጥቂት ጥቂት የሚቀዱ ሰዎች ሒሳባቸው ተይዞባቸው የሆቴል መክፈያ ሲያጡ አይቻለሁ። ውስጥ ገብታችሁ ቀድማችሁ ክፈሉ።

ጄሪካን ላይ ትንሽ ልቆጣ። ቀዩ ለቤንዚን ነው፣ ቢጫው ለናፍጣ፣ ሰማያዊው ለላምባ። የውሃ ጋሎን ለምንም አይሆንም። ስትቀዱ መሬት ላይ አስቀምጡት እንጂ ፒክአፑ ላይ እንዳለ አትቅዱበት፣ የስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ይበቃዋል። እስከ አፉም አትሙሉት፣ በሙቀት ይለጠጣል። ልጆች የተቀመጡበት መኪና ውስጥ ሙሉ ጄሪካን ጭኖ ሰዓታት ትራፊክ ላይ መቆም... አይ፣ እኔ አላደርገውም። ተጨማሪ ቤንዚን የሚያስፈልገው ቤት ላለ ጀነሬተር ነው፣ እሱም ከቤት ውጭ፣ ከሕፃናት ርቆ ይቀመጥ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ቤታችሁ መብራት እያለ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። የባህር ውሃ ሊገባ የሚችልበት ጋራዥ ውስጥ ግን ጥላችሁት እንዳትሄዱ፣ ጨዋማ ውሃ የገባበት ባትሪ ቆይቶም ቢሆን በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

ሰው የሚረሳው መመለሻውን ነው። ሀሪኬኑ ካለፈ በኋላ ማደያው መሬት ስር ቤንዚን ሞልቶት ፓምፑን የሚያዞርበት መብራት ሊያጣ ይችላል። በ2012 ከሳንዲ በኋላ ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ በታርጋ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ተራ እስከማስያዝ የደረሱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፍሎሪዳ ከ2006 አጋማሽ በኋላ የተሠሩ ማደያዎች ጀነሬተር መሰኪያ እንዲኖራቸው በሕግ ታስገድዳለች፣ መሰኪያ ኖረ ማለት ግን ጀነሬተሩ አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ለመመለስ ከመነሳታችሁ በፊት ያላችሁበት ቦታ ላይ ታንካችሁን ሙሉ፣ ሰፈር ለቀረ ጎረቤትም ደውላችሁ መብራት መጣ ወይ፣ መንገዱ ተከፈተ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መንገድ ላይ ዋጋውን ሰማይ የሰቀለ ማደያ ካጋጠማችሁ ደረሰኙን ያዙ። የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ እንዲህ ያለ ጭማሪ ሕገ ወጥ ነው፣ የስቴቱ አቶርኒ ጄኔራል ቢሮም ለዚሁ አቤቱታ የሚቀበልበት ስልክ አለው።