ሶኬቱ በፕሮጀክቱ ውስጥ የለም

በገጠር ኔትወርክ ጥገና ላይ የቆየ ሰው ይህችን ሪፖርት በቃሉ ያውቃታል፦ «መስመሩ ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ሬዲዮ ይቀየርልን።» በሰሜን ሸዋ ደጋ ካለ አንድ ጤና ኬላ የመጣችውም እሷው ነበረች። የኢንተርኔቱ ፋይበር ወረዳው ከተማ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን 14 ኪሎ ሜትር ኢንተርኔቱ በ5.8 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ (ያለ ሽቦ በሚያስተላልፍ መሣሪያ) ተሻግሮ ጤና ኬላውና አጠገቡ ያለው ትምህርት ቤት ይደርሳል። በጋውን ሙሉ ያለ እንከን ሠራ፤ ክረምት ሲገባ ሌሊት ሌሊት መጥፋት ጀመረ።

ከበላይ የተሰጠው ምክንያት ዝናብ ነው። ለሳተላይት ዲሽ ወይም ለ18 እና ለ23 ጊጋኸርዝ ማይክሮዌቭ ቢሆን ያስኬዳል። በ5.8 ላይ ግን በዚያ ርቀት ዶፍ ቢወርድ የሚቀንሰው ጥቂት ዴሲቤል (የሲግናል ብርታት መለኪያ) ነው፤ ሊንኩ ደግሞ ከ15 ዴሲቤል በላይ መጠባበቂያ አለው። መዝገቡም ይህንኑ ይናገራል። ሲግናሉ እየደከመ ሄዶ አልነበረም የሚጠፋው፤ ማይነስ 58 በሚባል ጥሩ ብርታት ላይ እንዳለ ድርግም ይላል። ያም ሆኖ ሬዲዮው ተቀየረ። አዲሱም በዚያው ሰዓት ጠፋ።

ሰዓቱን ልብ ላለ ሰው ነገሩ ያን ያህል ስውር አልነበረም። ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚጠፋው ሊነጋጋ ሲል ነበር፤ ሐምሌ ሲጋመስ እኩለ ሌሊት፣ ነሐሴ ሲገባ ማታ 3 ሰዓት ሆነ። በማግስቱ ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ በራሱ ይመለሳል። የተበላሸ ሬዲዮ እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም። መሣሪያዎቹ ደግሞ የሚሠሩት ከፀሐይ ፓኔል በሚሞላ ባትሪ ነው። ከፀሐይ ጋር የሚመጣና ክረምቱ በገፋ ቁጥር ቀድሞ የሚጠፋ መስመር ችግሩ ኃይል ነው። ሰው ከመላክ በፊት የመጥፊያና የመመለሻ ሰዓት ቢጠየቅ አንድ ሬዲዮና የአንድ መኪና ነዳጅ ይተርፍ ነበር።

ንጋት ላይ ባትሪው በሜትር ሲለካ 21.6 ቮልት አሳየ። እዚህች ቁጥር ላይ መቆም ያስፈልጋል። ቻርጅ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን ገቢና ወጪ የሚቆጣጠረው ዕቃ) ባትሪው 22.2 ሲደርስ ጭነቱን፣ ማለትም ኃይል የሚወስዱትን መሣሪያዎች፣ ይቆርጣል፣ 25.2 ሲሞላ መልሶ ይለቃል። ጭነቱ ሲቆረጥ ደግሞ የባትሪው ቮልቴጅ ትንሽ ያንሰራራል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ከ22.2 በታች ካገኛችሁት፣ በኮንትሮለሩ በኩል ሳያልፍ ባትሪውን የሚጠባ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ነበረም፤ ከባትሪው ጫፍ ላይ በቀጥታ የታሰረ፣ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር የ1000 ዋት ኢንቨርተር፣ ከእሱም ጥበቃው ክፍል የገባ ማከፋፈያ ሶኬት። የመንደሩ ሰው ስልክ እዚያ ነው ቻርጅ የሚደረገው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሬዲዮ 8 ዋት፣ ስዊች (የኔትወርኩ ማከፋፈያ) 6፣ ዋይፋዩ 10፤ በድምሩ 24 ዋት፣ በቀን 576 ዋት-ሰዓት። ሁለት ባለ 150 ዋት ፓኔሎች በበጋ 5.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አግኝተው፣ ኪሳራው 30 በመቶ ሲቀነስ፣ 1155 ያህል ያስገባሉ። ጉም በሚውልበት የደጋ ክረምት ግን 3.5 ሰዓት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ 735 ብቻ። በቀን 12 ያህል ስማርት ስልክና 15 ያህል ባለ ቁልፍ ስልክ ሲሰካ ወደ 330 ይወስዳል። ኢንቨርተሩ ደግሞ ምንም ባይሰካበትም 10 ዋት ይበላል፤ በቀን 240፣ ለማንም ሳይጠቅም። በጋ ላይ ገቢና ወጪው ለጥቂት ይመጣጠናል። ክረምት ላይ በየቀኑ ከ400 በላይ ይጎድላል። ሁለቱ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪዎች ደግሞ ሳይጎዱ ሊሰጡ የሚችሉት 1200 ያህል ነው፤ በሦስት ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ ባዶ እየሆኑ ማደር ራሱ አቅማቸውን ይገድለዋል። በ5 አምፒር ጭነት 20 ሰዓት መቆየት የነበረባቸው ባትሪዎች 9 ሰዓት እንኳ አልሞሉም።

እስካሁን የሚቆጠቁጠው ቀጥሎ የመጣው ነው። የተቋራጩ አስተባባሪ ምክንያቱ ሲነገረው ፊቱ በራ፤ ጥፋተኛ ተገኘ። «ሶኬቱ አሁኑኑ ይነቀል፤ ጥበቃውም በጽሑፍ ይጠየቁ» አለ። ጥበቃው ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። የመለሰችለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት።

«ኢንጂነር፣ ይንቀሉት፤ እኔ አልከለክልዎትም። ምጥ የያዛት እናት ቤተሰብ ለእኔ የሚደውለው ግን እዚህ ቻርጅ በተደረገ ስልክ ነው። ከዚህ ሌላ መብራት ያለው ወረዳ ከተማ ነው። ሲነቅሉት በምን እንደሚያገኙኝ አብረው ይንገሩኝ።»

«እሱ በፕሮጀክቱ ውስጥ የለም፣ እህቴ።»

«የእኔ ታብሌትስ አለ?»

መልስ አልሰጣትም። የዲዛይን ሰነዱን ገልጠን አየነው። የጭነት ሠንጠረዡ ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ሬዲዮ፣ ስዊች፣ ዋይፋይ። የእናቶችንና የሕፃናትን መረጃ የምትመዘግብበት፣ ጤና ኬላው ኔትወርክ እንዲገባለት ዋና ምክንያት የሆነው ታብሌት እንኳ አልተቆጠረም። ዋይፋዩ እንዲያገለግላቸው የተተከለላቸው ሰዎች ስልካቸው በምን እንደሚሠራ አንድም ሰው አልጠየቀም። ቤቱ የፀሐይ መብራት የገባለት ገበሬ ስልኩን ቤቱ ይሰካል። ጋሼ ሶኬት ላይ የሚሰለፈው ያ የሌለው ነው፤ ሁላችንም በፕሮጀክት መግቢያ ላይ «ተደራሽ እናደርጋለን» ብለን የምንጽፍለት ሰው። የእሱን 330 ዋት-ሰዓት ስርቆት ብሎ መመዝገብ ለእኔ ነውር ነው። ጭነት ነው፤ ገና ከጅምሩ መቆጠር ነበረበት።

ወጪውም የሚያስፈራ አልነበረም። ለስልክ ብቻ የሚሆን አንድ የ200 ዋት ፓኔል፣ አንድ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪና የራሱ ኮንትሮለር ተተከለ። ኢንቨርተሩ ወጣ፤ ከ12 ቮልት በቀጥታ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ የዩኤስቢ ሰሌዳ ገባ። ይህ በክረምትም 490 ያህል ይሰጣል፤ ስልኮቹንና ታብሌቷን ችሎ ይተርፈዋል። ዋናው ጥቅሙ ሁለቱ መለያየታቸው ነው፤ የስልኩ ባትሪ ቢያልቅ ኔትወርኩ አይነካም። የኔትወርኩ ባትሪዎች ተቀይረው ሳጥናቸው ተቆለፈ፤ ጫፋቸው ላይ ሌላ ሽቦ መታሰር የለበትም። ፓኔሎቹንም ጋሼ ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጓቸዋል፤ ማንም ሳያዛቸው።

ርክክብ ላይ የምትፈርሙ ሰዎች፣ በጥር ፀሐይ ቀትር ላይ የተለካን ፍጥነት አይታችሁ አትፈርሙ። የሐምሌን የኃይል ሒሳብ ጠይቁ፤ በሠንጠረዡ ላይ «ስልክ» የሚል መስመር ከሌለ መልሱት።

ለጋሼ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን እስካሁን ከማኅደራቸው አልወጣም። የዲዛይኑን ጉድለት እሳቸው ሊሸከሙት አይገባም፤ ደብዳቤው መነሣት አለበት።